ከዳገቱ ስር የሚሮጠው ሹፌር

ጋሽ ጃፈር በተቀበረ ማግስት ለቅሶ ልደርስ ስሄድ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሳቅ! ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ወደ ግቢው ስገባ ከወንዶቹ ድንኳን አንዱ ጉንጩን በጫት ወጥሮ "እሱ ሽቅብ ይሮጣል፣ እኛ መኪናዋን ይዘን እብስ!" ይላል፤ ከጎኑ ያለው ጉልበቱን እየመታ ይንፈቀፈቃል። የሚያወራው ኤልያስ ነው። ኤልያስ የጋሽ ጃፈር ረዳት የነበረ፣ ዛሬ የጋሽ ጃፈርን መኪና የሚነዳ ሰውዬ ነው። በሟቹ ለቅሶ ላይ፣ በሟቹ ግቢ፣ ሟቹን መሳቂያ አድርጎ ይዟል።

ሰላም ሳልለው ወደ ሴቶቹ ክፍል አለፍኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ። "ሩጫው ነው የገደለው፣ ልቡ ፈነዳ፤ እኔ ድሮም ብዬ ነበር" ትላለች አንዷ። ኧረ ምኑ ፈነዳ! ሰውየው የሞተው በጉበት በሽታ ነው። ባለቤቱ ፋጡማ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። የተሰጠኝን ሻይ ሳልቀምሰው መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። የጋሽ ጃፈር ነገር እንደነሱ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው ይኼን የማወራው።

እኔ ጭሮ የምኖር፣ ቦርደዴ ገበያ ልብስ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ጠዋት ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ ዓይኑ በሚከብድበት ሰዓት ሽቅብ እመለሳለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ሚኤሶ ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ አስፋልቱ እየተንቀለቀለ ያፈዛል። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ይመጣል፤ መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ፣ ባንድ ወገን ገደል፣ ከላይ ደግሞ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ይወርዳል። ሜዳው ያፈዘዘውን ሰው ዳገቱ ይበላዋል። ጋሽ ጃፈር በዚህ መንገድ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ቀጠን ያለ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሰው ነበር። እኔ ሁልጊዜ ጋቢና፣ አጠገቡ ነበር የምቀመጠው። "እርስዎ" ስለው ይቆጣል። "አቦ ሙሉ፣ አታስረጂኝ" ይላል።

የመጀመሪያ ቀን እውነቴን ነው ቀፈፈኝ። ዳገቱ ሊጀምር ሲል መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩ እየሠራ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ባትሪው ደካማ ስለነበረ አያጠፋውም። ከወንበሩ ስር ሸራ ጫማ አወጣ፣ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ቀረ። ምን ሊሆን ነው ስል ወርዶ ሽቅብ ሮጠ። ሶምሶማ እንዳይመስላችሁ። ሌባ እንደሚያባርር ሰው፣ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ። ትንፋሹ ሲያልቅ ይቆማል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ እየተራመደ ይወርዳል፣ እንደገና ይሮጣል። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ውሃ ጠጥቶ፣ አንገቱን በፎጣ ጠርጎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ መሪው ላይ ተደግፎ ያርፋል። ሁሉም ነገር ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅም። ላቡ ግን! ጋቢናው በላብ ሽታ ተሞላ። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። እሱ አየኝና "ይሸታል?" አለ። "ይሸታል!" አልኩት። "ጋሪ ነው፣ ሳሙና ያስለቅቀዋል" ብሎ ማርሹን አስገባ። ጋሪ በኦሮምኛ ጥሩ ማለት ነው።

ከኋላ ሰው ይንጫጫል። "ጂኒ አለበት እንዴ ይኼ ሰውዬ?" "ኧረ ወላሂ ለየለት!" ኤልያስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በጣቱ ጭንቅላቱን እያሳየ ያስቃቸዋል። ጌታው እኮ ነው! ደመወዙን የሚከፍለው ባለንብረቱ ቢሆንም እጁን ይዞ መንዳት ያስተማረው፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ የተሟገተለት ጋሽ ጃፈር ነው።

በሌላ ቀን ጠየቅኩት። "ጋሽ ጃፈር፣ ይኼን ነገር ከየት አመጣኸው?"

"ከሸራ" አለኝ።

ድሮ የጭነት መኪና ሲነዳ ይቅም ነበር፣ እንደ ሰው ሁሉ። አንድ ከሰዓት ሜዳው ላይ ዓይኑ ክፍት ሆኖ ጭንቅላቱ ግን የለም። "ዓይኔ ያያል፣ የሚያየውን የሚቀበለው ሰው የለም" አለኝ። የጭነቱ ሸራ በነፋስ ተነቅሎ ሲበር እንኳ ያየው ቆይቶ ነው። ደንግጦ ወረደና ሸራውን ከመንገዱ ዳር ባለው ተዳፋት ሽቅብ አባረረው። ሸራው ይሄዳል፣ እሱ ይከተላል፣ በመጨረሻ ቁጥቋጦ ያዘለት። ተመልሶ መሪውን ሲይዝ ጆሮው የጎማውን ድምፅ ለብቻ፣ የሞተሩን ለብቻ ይሰማል፤ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ገና ነጥብ ሳለ ዓይኑ ያዘው። "ተኝቼ የተነሳሁ መሰለኝ ሙሉ። ሸራው ነው ያስተማረኝ።" ከዚያ በኋላ ጫቱን ትቶ፣ ሸራ ባይበርበትም ይሮጥ ነበር።

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ሳልዳስስ አልገዛም። ስለዚህ እንደ ቀልድ እፈትነው ጀመር። ሜዳው ላይ ወሬ አወራዋለሁ። "ልጄን የሒሳብ ትምህርት ከብዷታል፣ ምን ላድርግ?" እለዋለሁ። "እ?" ይላል። እደግመዋለሁ። "እ... አዎ" ይላል፣ ምን እንዳልኩት ግን አያውቅም። ሮጦ ሲመለስ ሳላስታውሰው፣ ራሱ፣ "ቅድም ስለ ልጅሽ ያልሽኝ፣ ትምህርቱን ሳይሆን መምህሩን ፈርታ እንዳይሆን ጠይቂያት" ይለኛል። ጠየቅኳት፤ እውነቱን ነበር። ደግሞ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያይና "ኤልያስ፣ ከበሩ አጠገብ ያሉት እናት ገርጥተዋል፣ ቶሎ ፌስታል ስጣቸው" ይላል። ሴትዮዋ ራሳቸው ገና አላወቁትም እኮ!

እኔም ሱቄ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቁጥር ሲምታታብኝ ከጀርባ ያለችውን አቀበት ሽቅብ ሮጬባት አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ ተሳሳቁብኝ። ይሳቁ። ለተወሰነ ጊዜ ጭንቅላቴ ጥርት ይልልኝ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ይደክማል። ይኼንንም ነገርኩት። "አይቆይም" አለኝ። "እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፣ ትኩሱን ነው የምትበይው። ለዚህ ነው ዳገቱ እግር ስር የማቆመው። ደግሞ ሂሪባን አይተካም።" ሂሪባ በኦሮምኛ እንቅልፍ ነው። "ሌሊቱን ያልተኛ ሰው እስከ ሐረር ቢሮጥ ዋጋ የለውም።"

ይኼን ያለው ለወሬ አልነበረም። አንድ ጊዜ ልጁ ታሞበት ሲያስታምም አደረ። ቦርደዴ ላይ ለመመለስ ሰው ሞልቶ ሲጠብቅ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወረደ። "ወገኖች፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ይኼ በሩጫ የሚለቅ አይደለም። ትንሽ ልተኛ፣ የቸኮለ በሌላ መኪና ይሂድ" አለ። አምላኬ! እንደዚያ ዕለት ስድብ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ የተማረ የሚመስል ሰውዬ የራሱን እስር ጫት አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ወረወረለትና "ቃምና ንዳ! ምን ያለ ሹፌር ነው የማይቅም?" አለው።

እዚህ አገር እንዲህ ነው። ተሳፋሪ ሹፌሩ እንዳይተኛ ጫት ይገዛለታል። ጉንጩ የተወጠረ ሹፌር ሲያዩ ደስ ብሏቸው ይሳፈራሉ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ምርቃናው ባሕር ማዶ ይዞት ሄዶ ሳለ "ነቅቷል" ይላሉ። መኪናው ውስጥ የተጣለ የጫት ገራባ ተረግጦ፣ አረንጓዴ ምራቅ መስኮቱን ተለቅልቆ፣ ያ አይቀፋቸውም። የሰው ላብ ግን ቀፈፋቸው! ጋሽ ጃፈር ጫቱን በሁለት እጁ አንስቶ ለሰውየው መለሰለትና "አንተ ቃም ወንድሜ፣ የምነዳው እኔ ነኝ" አለው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጋድሞ ተኛ። እኔ ጠበቅኩት። አብዛኛው ሰው በሌላ መኪና ሄደ፤ ሄዶም ጭሮ መናኸሪያ ላይ ከሰሰው።

ክሱን የሰማው የመናኸሪያው የትራንስፖርት ማህበር ማስጠንቀቂያ ሰጠው። በመንገድ ላይ መቆም የለም፣ መሮጥ የለም። ጋሽ ጃፈር "ታዲያ ሌላ ሹፌር ፈልጉ" ብሎ መሮጡን ቀጠለ።

ያቺ ቀን መጣች። እንደ ልማዱ ዳገቱ ስር አቁሞ ወረደ። እኔም ሙቀቱ ጨንቆኝ ስለነበር ውሃውንና ሸሚዙን ይዤለት ወረድኩ። ሽቅብ ሮጠ። ጀርባውን ሰጥቶን ሳለ ከኋላዬ የማርሽ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኤልያስ መሪው ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ እንደ ኳስ ነው። ውስጥ ያለው ሰው "ንዳው! ንዳው!" እያለ ያጨበጭባል።

"ኤልያስ! አንተ ባለጌ! ዕቃዬ ላዩ ላይ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ዕቃዬ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ማን ሊሰማኝ! መኪናው ጋሽ ጃፈርን ራሱን አልፎት ሲሄድ በመስኮት እጃቸውን አወጡና "ሩጥ! ሩጥ!" አሉት። ያጨበጭቡ የነበሩት እኮ ልጆች አይደሉም። ሽማግሌ ነበረባቸው። እናት ነበረችባቸው። ያንን በሰላም ሲያደርሳቸው የኖረውን የገዛ ሹፌራቸውን ምድረ በዳ ላይ ጥለው ሲሄዱ ደስ አላቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ምራቄ ይመረኛል።

ጋሽ ጃፈር ይሰድባል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበም። "ሙሉ፣ ደፊ፣ ፍጠኚ!" አለኝና እንደገና ሽቅብ ሮጠ። መኪናውን ሊደርስበት መስሎኝ "አትደርስበትም እኮ!" ስል ቆም ብሎ "ልደርስበት አይደለም" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ ሲቅም ነው የዋለው፣ አሁን ምርቃናው የሚወርድበት ሰዓት ነው። ይተኛል።" ያኔ ገባኝ። ሰውየው የሚሮጠው ገደል መግባት አለመግባታቸውን ለማየት ነው።

በየመታጠፊያው ቆመን ወደ ታች አየን። እኔ እያለከለክሁ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩን አርሶት የሄደ የጎማ ዳና አገኘን፤ ገደሉ አፍ ድረስ ሄዶ በድንገት ተጠምዝዞ ተመልሷል። ጋሽ ጃፈር ዳናው ላይ ተንበረከከ። ወደ ታች አየ። ምንም የለም፤ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ። "አልፈዋል" አለ። ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ "አልሃምዱሊላህ" አለና እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለጣሉት ሰዎች እኮ ነው! እኔ እንኳ ያን ሰዓት ለዕቃዬ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ማህበሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። "ደርሰዋል ወይስ አልደረሱም?"

"ደርሰዋል፣ አልሃምዱሊላህ" አለ ጋሽ ጃፈር።

"ሳይሮጥ?"

"ሳይሮጥ።"

"እንግዲያው ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ዝላይ?" ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ተነስቼ "የጎማውን ዳና ሂዱና እዩት! ገደል አፍ ላይ ነው የደረሱት!" አልኩ። ሊቀመንበሩ "ሴትዮ፣ ዕቃሽ በሰላም ደርሶልሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ለክፉም ለደጉም የማይመች፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰውዬ ነበር። መልሴን ሳይሰማ ወደ ሌላው ዞረ።

ባለንብረቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። "እኔ መንዳት አላውቅም" አለ። "መንገዱን ሁልጊዜ አብሮ የሚሄደው ረዳቱ ነው። ኤልያስ 'ሩጫው ይጠቅማል' ካለ ቁልፉን ለጃፈር እመልሳለሁ፣ ማህበሩንም እኔ አናግራለሁ። ቃሌ ነው።" ሁላችንም ኤልያስን አየን። ኤልያስ ጥፍሩን አየ። "ምንም አይጠቅምም" አለ፤ "ጊዜ ማባከን ነው።" ጋሽ ጃፈር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ ኤልያስን ትከሻውን መታ አድርጎ "ሰው ነው የጫንከው" አለው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። "ያ የሚሮጠው" ተብሎ ስሙ በመናኸሪያው ሁሉ ወጣ። ቤት ተቀመጠ። ጉበቱም የባሰበት ያኔ ነው። እኔ እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ሁሌ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። አስፋልቱ ተቆርጧል? ድልድዩ ተጠግኗል? ከላይ የሚወርዱት አይሱዙዎች አደብ ገዝተዋል? ወደ መሪው መመለስ ነበር የሚፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

እኔ የኤልያስን መኪና እግሬ ረግጦት አያውቅም። በሌላ መኪና ስመላለስ አንድ ከሰዓት ከሚኤሶ እንደወጣን ጎማ ተነፈሰብን። ወርጄ ጥላ ስፈልግ ከፊታችን ያ ቅጥቅጥ ቆሞ አየሁ፤ ሰው ውስጥ ተቀምጧል፣ ሹፌር የለም። ትንሽ ራቅ ብሎ የግራር ጥሻ አለ። ወደዚያ ስጠጋ ከጥሻው ጀርባ ኮቴ ሰማሁ። ኤልያስ ነው። ይሮጣል! ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ፣ ሽቅብ፣ ልክ እንደ ጋሽ ጃፈር። ይቆማል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ እየተራመደ ይወርዳል፣ እንደገና ይሮጣል።

"ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት።

ክው አለ። "ሽንት... ሽንቴ መጥቶ ነው።"

"ሽንት በሩጫ ነው እንዴ የሚሸናው?"

ዙሪያውን ቃኘ። "ሙሉዬ፣ በእናትሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ይጠቅማል አይደል?"

መሬት መሬት አየ። "ይጠቅማል" አለ። "ያን ዕለት ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተኝቼ ነበር። ጠጠሩ ነው የቀሰቀሰኝ።"

"ታዲያ ይኼንኑ ለባለንብረቱ ንገረው! አንድ ቃል ነው! ሰውየው ቤቱ ተኝቶ እየማቀቀ ነው!"

"ከነገርኩትማ ቁልፉን ይቀማኛል" አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። ከዚያ ከኪሱ የጫት ቀንበጥ አውጥቶ ጉንጩ ውስጥ ወተፈ፣ ተሳፋሪው እንዲያይለት ነው፤ ዚፑንም የሚዘጋ መስሎ እየነካካ ከጥሻው ወጣ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ዝም አላልኩም። ባለንብረቱ ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ። ኤልያስን ጠርቶ ጠየቀው፤ ኤልያስ በእናቱ ስም ምሎ "ሽንት ነበር" አለ። አለቀ።

እሁድ ጋሽ ጃፈር ቤት ተናድጄ ገባሁ። ፍራሹ ላይ ተጋድሟል፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ይቃጠላል፣ አብሮኝ ይረግመዋል ብዬ። እሱ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"ሮጠ? ወላሂ በይ!"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወላሂ!"

"እንዲያው ሶምሶማ ነው ወይስ ትንፋሹ እስኪቆረጥ?"

"እስኪቆረጥ።"

ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ ከታመመ ወዲህ አይቼው አላውቅም። "ጋሪ! ጋሪ! የት ጋ ነው የሚያቆመው?"

"ከሚኤሶ እንደወጣን፣ ግራሮቹ ጋ።"

ሳቁ ጠፋ። "አይሆንም" አለ። "ሩቅ ነው። ዳገቱ ጋ ሳይደርስ ያልቅበታል። ድልድዩን አልፎ፣ ዳገቱ እግር ስር ይቁም። ደግሞ ሮጦ ወዲያው አይንዳ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቅ። ንገሪው።"

"እኔ? ለዚያ ቆሻሻ? አፌን አልከፍትለትም!"

"አንቺ ሙሉ" አለኝ፣ እጄን ይዞ። እጁ ይሞቅ ነበር። "ለሱ ብለሽ አይደለም እኮ። ከኋላው ሰው አለ።"

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ሳልወድ ሄድኩ። ኤልያስ መሪው ላይ ሆኖ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል። በመስኮቱ ተጠግቼ ጋሽ ጃፈር ያለውን አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት፤ ድልድዩን አልፈህ ቁም፣ ግራሮቹ ጋ ሩቅ ነው፣ ዳገቱ ጋ ሳትደርስ ያልቅብሃል። አዳመጠኝ። ልክ መሆኑን ማወቁ ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ኋላ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከድልድዩ ወዲያማ ገላጣ ነው፣ ሰው ያየኛል" አለኝ።

መኪናው ሞልቶ ነበር። ጥሩንባውን ነፍቶ ወጣ።